ውሃ የሚጠጣው ሐውልት

ከቤታችን ፊት ለፊት ፎቅ እየተሠራ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ ሠራተኛ የውሃ ጎማውን እየጎተተ ይወጣና ትናንት የተሞላውን ኮንክሪት ውሃ ያጠጣዋል። ጎረቤቶቼ የሚያማርሩት ስለ ጩኸቱና ስለ አቧራው ነው። እኔ የምሸሸው ሽታውን ነው። የራሰ ሲሚንቶ ሽታ አንዴ አፍንጫዬ ከገባ ያን ቀን ሥራም አይሆንልኝ፤ ሰመራ ነኝ፣ አራተኛ ክፍል ነኝ፣ አባቴም ገና ዝምተኛ አልሆነም።

ሰመራ የገባነው ከአዋሽ ነው። አያቴ የባቡር ሠራተኛ ሆነው ከመንዝ ወርደው እዚያው አዋሽ ቀሩ፤ አባዬም እዚያው ተወለደ። አፋርኛን የተማረው ከአማርኛ እኩል፣ ገበያ መሃል ከልጆች ጋር ኳስ ሲራገጥ ነው። ሰመራ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት «የውበትና የአረንጓዴ ልማት ባለሙያ» አድርጎ ሲቀጥረው እማዬ ደብዳቤውን ሁለቴ አንብባ ሳቀች።

«ሰመራ ላይ ምኑን ነው የምታለማው? ድንጋዩን?»

አልተሳሳተችም። ሰመራ ጥቁር ድንጋይ በተዘራበት ሜዳ ላይ የቆመ የቢሮ ሕንፃ ነበር። ሰው ጎመን እንኳ ሲያምረው ሎግያ ነው የሚሄደው። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሣ ቀዝቀዝ የሚል መስሎን እንወጣና የዳቦ ቤት ምድጃ የተከፈተብን ያህል ፊታችንን ሸፍነን እንመለሳለን። የመጠጥ ውሃ በቦቴ ይመጣል። ቦቴው ጥሩንባውን ሲነፋ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ይሮጣል፤ እማዬም መምህርነቷን ረስታ ትሮጣለች።

አስፋልቱን ተሻግሮ ግን አንድ ጎድጓዳ ቦታ ነበር። ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ ሄዶ የሚያርፈው እዚያ ነው። ውሃው ከላይ ሲደርቅም መሬቱ ከሥር ስለማይደርቅ ግራርና ቁርቁራ አብቅሎ፣ በከተማው ዙሪያ ያለው ጥላ ሁሉ እዚያ የተሰበሰበ ይመስል ነበር። ወፎቹ ግራሩ ላይ ጎጇቸውን አንጠልጥለው ሲንጫጩ ከመንገድ ይሰማል። እኛ ቤት ስሙ «ጥላው» ነው። ፀሐይ በረድ ስትል አባዬ «እሌኒ፣ ጥላው እንሂድ?» ይለኛል፤ እኔ የወደቀ ቁርቁራ እየለቀምኩ ኪሴን እሞላለሁ፣ እሱ ሸሚዙን ፈትቶ ግንድ ተደግፎ ይቀመጣል። ደገኛ ነው፤ አዋሽ ቢወለድም ደገኛ ነው፤ አረንጓዴ ነገር ካላየ ይታመማል።

መሃሉ ላይ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። የጉድጓዱ ባለቤት አባ ያዮ ነው። ረጅምና ቀጭን ሽማግሌ ነው፤ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ያንጠለጥልበታል። ጉድጓዱን የቆፈረው አባቱ ነው። አባ ያዮ በተቆረጠ ጀሪካን ውሃ እየሳበ በጭቃ በተሠራው ገንዳ ላይ ሲያፈሰው ፍየሎቹ ተጋፍተው ይመጣሉ። ከእነሱ በፊት ግን እኔን ይጠራኛል።

«አንተ እሌኒ! ና፣ መጀመሪያ ልጅ ይጠጣል። ቀጥሎ ፍየል። ሽማግሌ መጨረሻ።»

አማርኛው ይኼው ነበር። እኔም «አንተ» ነኝ፣ እማዬም «አንተ» ነች። ከአባዬ ጋር ግን በአፋርኛ ብቻ ነው የሚያወሩት፤ እኔም የሰፈሩ ልጆች አስተምረውኝ ስለነበር እሰማለሁ። ውሃው ጨው ጨው ይላል፣ ትንሽም የፍየል ይሸታል። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሚጣፍጥ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም።

ሁለቱ ሲገናኙ ቁጢጥ ይላሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይናገራል። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደች፣ የማን ግመል የት ታየ። አንዱ ሲጨርስ ተራው ለሌላው ነው። ዳጉ ይባላል፤ አፋር መንገድ ላይ ከተገናኘ ዳጉ ሳይጠያየቅ አይተላለፍም። እኔ መጀመሪያ ጸሎት መስሎኝ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መሬት መሬት እያዩ ስለሚያወሩ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደምናደርገው ጫማዬን አውልቄ ራቅ ብዬ ቆምኩ። አባዬ ሲያየኝ በሳቅ ፍርስ አለ። አባ ያዮ አልሳቀም።

«ልክ ነች» አለ በአፋርኛ። «ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ነፍስ አጥፍቷል። እዚያ ዘንቧል ብለህ ብትነግረኝ ልጆቼንና ፍየሎቼን ይዤ እሄዳለሁ። ዝናቡ ከሌለ እዚያው እንቀራለን።»

ኅዳር ላይ አባዬ አንድ ቀን ፊቱ በርቶ ገባ። ከተማው ውስጥ ሐውልት ሊቆም ነው፤ ቦታ ምረጡ ተብለው ኮሚቴ ተቀምጠዋል። ግማሹ ከባድ መኪና የሚያልፍበት የጅቡቲ መንገድ ዳር ይሁን አለ፣ ግማሹ ቢሮዎቹ ፊት ለፊት። አባዬ ደግሞ ተነሥቶ «ጥላው» አለ።

«ምነው? አበድክ እንዴ!» አለች እማዬ።

«አስቢው እስቲ። ከሰል አክሳዮቹ በየሳምንቱ አንድ ግራር እየጣሉ ነው። ማን ይከለክላቸዋል? ሐውልት ካለ ግን አጥር አለ፣ ዘበኛ አለ። ማን ደፍሮ ይቆርጣል?»

«የማን ሐውልት ነው?»

«የሰማዕታት።»

«የትኞቹ ሰማዕታት?»

«እሱን ገና አልወሰኑም» አላት።

እውነቱን ለመናገር እኔም እስከ ዛሬ አልገባኝም። ስሙ ከተተከለ ወዲህ እንኳ ተቀይሯል፤ ሹሞቹ ሲቀየሩ ጽሑፉም ይቀየራል። ያኔ ግን እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። እኔ የማውቀው ሐውልት አንድ ብቻ ነው፤ አዋሽ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የአያቴ መቃብር ላይ የቆመው፣ ፎቶግራፋቸው የተለጠፈበት። ሐውልት ካለ ሬሳ አለ። ስለዚህ ሬሳው መቼ እንደሚመጣ እጠብቅ ጀመር። ከሚሌ በኩል ጥቁር ሸራ የለበሰ መኪና በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር ቆሜ አየዋለሁ።

በሳምንቱ አባዬ ለአባ ያዮ ሊነግረው ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ያ ዓመት ክፉ ነበር፤ የክረምቱ ዝናብ አንሶ ነው የሄደው። የአባ ያዮ ሰዎች ከብቱና ልጁ ሳይደክም በጊዜ ወደ አዋሽ ወንዝ ዳር እንውረድ ወይስ በጉድጓዱ ተማምነን የመጋቢትን ዝናብ እንጠብቅ እያሉ ሲመክሩ ነው የከረሙት። ሁለቱ እንደ ወትሮው ቁጢጥ አሉ። አባዬ ስለ ሐውልቱ ሁሉንም ነገረው፤ ስለ አጥሩ፣ ስለ ዘበኛው፣ ስለ ግራሮቹ።

«ጉድጓዱስ?» አለ አባ ያዮ።

«ጉድጓዱን ማንም አይነካውም። አጥሩ ላይ ለፍየሎቹ በር ይተውለታል። ቃሌ ነው።»

አባ ያዮ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «ሰዎቼ ከእኔ ወሬ እየጠበቁ ነው። እንቆይ ወይ እንሂድ የሚሉት እኔን ነው። ያልከኝን ልንገራቸው?»

«ንገራቸው።»

«እንደ ዳጉ?»

«እንደ ዳጉ።»

አባ ያዮ በትሩን አንሥቶ ሄደ። እኛም ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ ከደስታው ብዛት ትከሻው ላይ አወጣኝ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ አባቶችሽ» አለኝ። ለእሱ ቃል ስለማክበር መናገሩ ነው። እኔ ግን ትከሻው ላይ ቁጭ እንዳልኩ ደረቅሁ። የወለዱት እኔ ነኝ። እህት የለኝ፣ ወንድም የለኝ። አባዬ የተናገረው ነገር ሊጠፋ ከደረሰ እኔ ልጠፋለት ነው ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ስጸልይ ለጉድጓዱ እጸልይለት ነበር። ለማንም አልነገርኩም።

ጥር ላይ፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማን። ዶዘር መጥቷል ተባለ። ስንለቀቅ ከልጆች ጋር ሮጥን። ግራሮቹን በሰንሰለት እያሰረ ከነሥራቸው ይነቅላቸዋል። ግራር ሲነቀል እንደዚያ እንደሚጮህ አላውቅም ነበር። የወፎቹ ጎጆዎች መሬት ላይ ተበትነው ወፎቹ የሚያርፉበት አጥተው በላያችን ይሽከረከራሉ። እርጥብ እንጨትና ናፍጣ አንድ ላይ ይሸታል። አባዬ የተጠቀለለ ፕላን ከያዘ መሐንዲስ ፊት ቆሟል። እጁን ያወናጭፋል። እጁን የሚያወናጭፍ ሰው አልነበረም።

«ከአስፋልት ሲታይ ዛፉ ሐውልቱን ይከልለዋል፤ እኔ ምን ላድርግ?» ይላል መሐንዲሱ።

«ጉድጓዱስ?»

«እሱማ የመሠረቱ መሃል ላይ ነው የገባው።»

ከሰዓት በኋላ ገረጋንቲ የጫኑ መኪኖች ተሰልፈው መጡ። የመጀመሪያው መኪና የጫነውን ጉድጓዱ ላይ ሲገለብጠው ድምፅ እንኳ አልተሰማም፤ ዋጥ አደረገው። ሦስተኛው ሲገለብጥ ጉድጓዱ የት እንደነበረ አይለይም።

ያን ማታ አባዬ እራቱን አልበላም።

«ብትናገራቸው ምን ነበረበት?» አለችው እማዬ።

«ተናገርኩ።»

«እና ምን አሉህ?»

«"ቦታውን ያመጣኸው አንተ አይደለህ እንዴ?" አሉኝ።»

እማዬ ያልተነካውን እራት አነሣች። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ እፎይ አለ። ከሁለቱ አንዱ መጥፋት ነበረበት፤ ቃሉ ከጠፋ እኔ ተርፌያለሁ ማለት ነው። ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። የአባዬን ሐዘን ከልጅነት ሒሳቤ ጋር ያገናኘሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

በማግሥቱ ፍየሎቹ እንደ ልማዳቸው መጡ። ማን ነግሯቸው ይቅሩ? ገረጋንቲው ላይ ወጥተው በአፍንጫቸው መሬት መሬቱን እየገፉ ገንዳውን ፈለጉ። አባ ያዮ አላባረራቸውም። ራሳቸው ተስፋ እስኪቆርጡ ድረስ በትሩን ተደግፎ ቆሞ ጠበቃቸው። እኛ ቤት ከመስኮት ይታያል። አባዬ መጋረጃውን ሳበው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮም ቢሮ የሚሄደው ዙሪያውን ነው።

መሠረቱ ወጣ፣ ምሰሶዎቹ ተሞሉ። ዘበኛውም ጋሽ ይማም ነው፤ የወሎ ሰው፣ ለልጅ ፊት የሚሰጥ፣ ከአፉ አላህ የማይጠፋ። ቦቴው አሁን በቀን ሁለቴ እዚያ ይቆማል። ጋሽ ይማም የውሃ ጎማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች ያርሰዋል። ምሰሶዎቹን በጆንያ ጠቅልለዋቸዋል፤ ጆንያው ውሃ ጠጥቶ ሲጠቁር ቆስለው በፋሻ የታሠሩ ሰዎች ይመስላሉ። ያን ሽታ ያወቅሁት እዚያ ነው።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሐውልቱን ውሃ እያጠጣሁት ነዋ።»

«ይጠማዋል?»

«ወላሂ እንዴታ! በዚህ ፀሐይ ካልጠጣማ ይሰነጠቃል።»

ግንበኛ ሁሉ የሚለውን ነው ያለኝ። እኔ ግን በሩጫ ትምህርት ቤት ሄጄ ሐውልቱ በሕይወት አለ ብዬ አወራሁ። ጆንያውንም፣ ፋሻውንም፣ ጥማቱንም ነገርኳቸው። ሬሳ ስጠብቅ የከረምኩት ሰውዬ በሽተኛ ሆኖ መጥቷል ማለት ነው፤ ውሃ እየሰጡ ሊያድኑት ነው። ቦቴው ወደ ሰፈራችን መምጣቱን የቀነሰውም ለዚህ ነው ብዬ ለእማዬ አስረዳኋት። ለታመመ ሰው ቅድሚያ ይሰጣል። እማዬ ባዶ ጀሪካኑን ይዛ ቆማ «ተይኝ እስቲ አንቺ ልጅ» አለችኝ።

ለካ «ይጠጣል» በሚለው ቃል የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። አባ ያዮ ሐውልቱ በቀን ሁለቴ ውሃ ይጠጣል ሲባል ሰምቶ፣ ውሃ የሚጠጣ ነገር ካለ ገንዳ አለ፣ ገንዳ ካለ ለሌላውም ይተርፋል ብሎ የተረፉትን ፍየሎቹን ነድቶ መጣ። ፍየሎቹ ከምሰሶው ሥር የተኛውን የሲሚንቶ ውሃ ሊጠጡ ሲሻሙ ጋሽ ይማም እጁን ዘርግቶ ከለከላቸው።

«አባቴ፣ በአላህ፣ ይኼ ለከብት አይሆንም! ሆዳቸውን ያቃጥላል!»

«ማን ጠጣ ታዲያ?»

«ሐውልቱ።»

አባ ያዮ ምሰሶውን ቀና ብሎ እያየ «የታለ አፍ?» አለ። ማሾፉ አልነበረም፤ ምሰሶውን ዞሮ ፈለገ።

ጋሽ ይማም ተጨነቀ። «አፍ የለውም። እስኪጠነክር ነው የሚጠጣው።»

«ፍየልም እስኪጠነክር ነው የሚጠጣ» አለ አባ ያዮ።

ጋሽ ይማም ከቦቴው ለፍየሎቹ ትንሽ ውሃ በባልዲ ሰጣቸው። ለጥቂት ቀን እንዲህ አለፈ። ከዚያ አለቃው አይቶት «ይሄ ውሃ የፕሮጀክት ነው» አለና ሌላ ዘበኛ አመጣ፤ ያኛው ድንጋይ ይወረውርባቸዋል። ጋሽ ይማምን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ ሎግያ ሱቅ ተቀጠረ የሚሉም ነበሩ።

የመጋቢት ዝናብ አልመጣም። ደመናው ይመጣና ጥቁር ድንጋያችንን አይቶ ይመለሳል። በሐውልቱ ዙሪያ አረንጓዴ ያስፈልጋል ተብሎ ሥራቸው በማዳበሪያ የታሠረ የዘንባባ ችግኞች ከሩቅ ተጭነው መጡ፤ ግራሮቹ በቆሙበት ቦታ ተተከሉ፣ በቦቴ ጠጡ፣ ጫፋቸው ቢጫ ሆነ፣ ደረቁ፣ ሌላ ተተከለ። አባዬ መጠባበቂያ ችግኝ እንዲያዝዝ ታዘዘ። አዘዘ። ዛሬ እዚያ የሚያድገው ማንም ያልተከለው እሾህ ነው፤ ያ አፋሮቹ የደርግ ዛፍ የሚሉት፣ የተቆፈረ መሬት ካገኘ የማይለቅ። ጎርፉም ማረፊያው ስለተደፈነበት በየክረምቱ ሰው ቤት ይገባል። ያን ዓመት ግን የሚገባ ጎርፍ እንኳ አልነበረም።

የአባ ያዮ ሰዎች ጉድጓዱ አለ ተብለው ቆይተዋል። አሁን ወደ አዋሽ ዳር እንውረድ ቢሉ ከብቱ ያን መንገድ መሄድ አይችልም። በየመንገዱ የወደቁትን ፍየሎች ከትምህርት ቤት ስንመለስ እናያለን፤ አፍንጫችንን ይዘን በሩጫ እናልፋለን። ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ የት ድረስ እንደሚሄዱ ልጆቻቸው ክፍል ውስጥ ይነግሩን ነበር። ከልጆቹም አንዳንዶቹ መቅረት ጀመሩ። ከእነሱ አንዱ አባ ያዮን ሰዎቹ እንደማያምኑት ነገረኝ። «አባ ያዮ ዳጉ ላይ ዋሸ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኛ ስለ ሌባ ስናወራ እንደምናደርገው።

ግንቦት ላይ ሐውልቱ ሊመረቅ ሆነ። ከላይ እንግዳ ይመጣል፤ ድንኳን ተተከለ፣ ድምፅ ማጉያው ከንጋት ጀምሮ ይጮሃል፣ የታሸገ ውሃ በካርቶን ተቆልሏል። የአገር ሽማግሌ ዱዓ ያድርግ ተባለ። ማን? የቦታው ባለቤት። ማን ያምጣው? አባዬ።

አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስንት ወር በኋላ አባ ያዮ ቤት ሄደ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ብቻውን ነው የሄደው። አባ ያዮ ግን መጣ። እማዬ «ትልቅ ሰው ናቸው፣ ረስተውታል» አለች። አባዬ ኮቱን እየለበሰ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ኮት።

አባ ያዮ መድረኩ ላይ ወጥቶ ሁለት እጁን ዘረጋ። በአፋርኛ ጀመረ። «እዚህ አባቴ የቆፈረው ውሃ ነበር» አለ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት አፋሮች ቀና አሉ። መድረክ መሪው ራሱ አፋር ነው፤ ቶሎ ብሎ ሊተረጉም የያዘውን ድምፅ ማጉያ ከአፉ አራቀና አባዬን በዓይኑ ፈልጎ ጠራው። «ይዘሃቸው የመጣኸው አንተ ነህ፤ አንተው ተርጉም» አለው። አባዬም ወጣ። ከአባ ያዮ ጎን ቆመ።

አባ ያዮ ወደ እሱ አልዞረም። ወደ ላይ እያየ ቀጠለ። «ውሃው በሕይወቱ ተቀብሯል። አላህ ሆይ፣ ሰዎቼ በእኔ አፍ ቀርተዋል፤ የእኔ አፍ ከማን እንደሰማ አንተ ታውቃለህ። የደፈነውንም፣ ያመነውንም ማር። የጠማውን አንተ አጠጣ።»

ከላይ የመጡት እንግዳ ፈገግ ብለው አባዬን አዩት። አባዬ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። እኔ ከእማዬ ጋር ፊት ረድፍ ነኝ፤ ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ ይታየኛል።

«አባታችን…» አለ። «አባታችን ሐውልቱን ፈጣሪ ይባርክልን፤ ለከተማችን ሰላምና ልማት ይሁን እያሉ ነው።»

እንግዳው አጨበጨቡ። ድንኳኑ ግማሹ አጨበጨበ። የቀረው ግማሽ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሰማው፣ እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ። እኔ በበኩሌ አፈርኩ። አባዬ አፋርኛ ረስቷል ብዬ ነው ያፈርኩት። ከአዋሽ ከወጣን ቆየን፣ ያን ሁሉ ወር ከአባ ያዮ ጋር አላወራም፣ ቋንቋ ደግሞ ካላወሩት ይጠፋል ትለን ነበር መምህራችን። ተነሥቼ «እንደሱ አይደለም ያሉት!» ልለው ስል እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። አያያዟ እስከ አጥንቴ ተሰማኝ። እማዬ አፋርኛ አትሰማም፤ የአባዬን ድምፅ ግን ትሰማለች።

አባ ያዮ አማርኛውን ሰምቶ እንደሆን ፊቱ ላይ ምንም አልታየበትም። እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈና ከመድረኩ ወረደ። የታሸገ ውሃ ሲሰጡት አልተቀበለም።

ከዚያ በኋላ አባዬ ቤት ውስጥ ብዙ አያወራም። ሬዲዮ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጠዋት ዙሪያውን መሄዱንም ተወው፤ አሁን የሐውልቱን አጥር ታክኮ ነው የሚያልፈው፣ ሰው እንዲያየው የፈለገ ይመስላል። እኔም ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል አብሬው እሄድ ነበር።

ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት አስፋልቱ ዳር አባ ያዮን አገኘነው። የቀሩትን ሰዎች ይዞ ወደ አዋሽ ዳር መውረዱ ነው። ከኋላው ሴቶችና ልጆች፣ ዕቃ የተጫነባት አንዲት ግመል፣ እፍኝ የማይሞሉ ፍየሎች። በትሩ እንደ ድሮው ትከሻው ላይ አይደለም፤ መሬት ላይ ተደግፎታል።

አባዬ ቆመ። ከዚያ ኮሮጆውን አስቀምጦ ቁጢጥ አለ። ሁልጊዜ ቀድሞ ቁጢጥ የሚለው አባ ያዮ ነበር፤ ትልቅ እሱ ነውና። አባዬ ቁጢጥ እንዳለ ወደ ላይ እያየ ጠበቀው። በአፋርኛ ሰላም አለው። የሚናገረው ነገር እንደነበረው፣ ሁሉንም፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊናገር እንደተዘጋጀ እኔም ገብቶኛል።

አባ ያዮ ቁጢጥ አላለም። እንደ ቆመ፣ በአማርኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየመረጠ ተናገረ።

«እንደምን አደሩ? እርስዎ ደህና ነዎት? ቤተሰብዎ ደህና ናቸው?»

መልስ አልጠበቀም። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና፣ ሰው ቢሮ ውስጥ ሹም ሰላም ብሎ እንደሚያልፍ፣ አልፎ ሄደ። ሴቶቹም አለፉ። ልጆቹም አለፉ፤ ከእነሱ መሃል የክፍሌ ልጅ ነበር፣ እሱም አላየኝም።

እኔ ልቤ በደስታ ዘለለ። እማዬ ለትልቅ ሰው «እርስዎ» በይ እያለች ስንቴ ቆንጥጣኛለች! አባ ያዮ እኮ እስከዚያ ቀን ለሰው ሁሉ፣ ለእንግዳም ለሹምም፣ «አንተ» ነበር የሚለው። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

«አባዬ!» አልኩት፣ ክንዱን እየጎተትኩ። «ሰማኸው? አባ ያዮ "እርስዎ" ማለት ቻለ!»

አባዬ ከአስፋልቱ ዳር አልተነሣም። አንድ ከባድ መኪና ጥሩንባውን እያምባረቀ አጠገባችን አለፈ፤ ንፋሱ ኮሮጆውን ገለበጠው።

«አዎ ልጄ» አለኝ። «ቻለ።»